ተሐድሶ በሰው ልክ፤ ስለ አንጎልና ነርቭ ጉዳት በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች

አንጎሉ ወይም የነርቭ ሥርዓቱ የተጎዳ ሰው ከሞት ከተረፈ በኋላ ስለሚያስፈልገው ርዳታ ሲነገር ሕክምናና ተሐድሶ የሚባሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ሕክምና የሚመለከተው ጉዳቱን ነው፤ ይኸውም የሚፈስ ደም ቢኖር ማቆም፣ የራስ ቅል ተሰብሮ እንደ ሆነ ማቃናት፣ የሚጥል በሽታ ቢሆን በመድኃኒት ማስታገሥ ነው። ተሐድሶ የሚመለከተው ግን ሰውየውን ነው። ከጉዳቱ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ አሁን ምን ችሎታ እንደ ቀረው፣ ነገ ወደ የትኛው ቤት፣ ወደ የትኛው ማሳ፣ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመለስ ሳይጠየቅ ተሐድሶ አይጀመርም። ከዚህም የተነሣ አንድ ዓይነት ጉዳት ላላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊታዘዝ ቢችልም አንድ ዓይነት የተሐድሶ ዕቅድ ሊጻፍላቸው አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በደም ግፊት ምክንያት የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶባቸው ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው የደከመ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው በቢልባላ አካባቢ የሚኖር ገበሬ፣ ሁለተኛው በላሊበላ ከተማ በማሕሌት የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ሐኪሙ ለሁለቱም የሚሰጠው የበሽታ ስም አንድ ነው። ገበሬውን የሚያሳስበው ግን በተዳፋት ማሳ ላይ እርፍ ጨብጦ በሬዎቹን መከተል መቻሉ ነው። ቀኝ እጁ እስኪጠነክር እርፉን ወደ ግራ እጁ ማዛወር፣ ጅራፉን ለልጁ መስጠት፣ በመጀመሪያው ክረምት ደልዳላውን ማሳ ብቻ ማረስ ለሱ የተሐድሶ ዕቅድ ነው። መሪጌታው ደግሞ ሌሊቱን መቋሚያቸውን ተደግፈው መቆም፣ በቀኝ እጃቸው ጸናጽል መያዝ፣ ከዚህም በላይ ከዐለት በተፈለፈለው ጠባብ ደረጃ ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መግባት ይኖርባቸዋል። ለእርሳቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የደረጃ ልምምድ ነው፤ ሲወጡ ደኅናውን እግር፣ ሲወርዱ የደከመውን እግር ማስቀደም። ይህችን ትንሽ ደንብ ከሰው ያልተማረ በሽተኛ ከዐለቱ ይማራታል፤ ዋጋው ግን ስብራት ነው።

ይህ አሳብ የበጎ አድራጊዎች ምኞት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 ተሐድሶ በተቻለ መጠን በቶሎ እንዲጀመር፣ ልዩ ልዩ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ሰው ፍላጎትና ችሎታ መርምረው በሚደርሱበት ውጤት ላይ እንዲመሠረት፣ እንዲሁም ገጠሩን ጨምሮ ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ አቅራቢያ እንዲገኝ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። «በሚኖሩበት አካባቢ አቅራቢያ» የሚለው ቃል በላሊበላ ሲነበብ የሚያስነሣው ችግር ከዚህ በታች ይታያል።

የቀረውን መንገድ መፈለግ

የአንጎል ጉዳት ተሐድሶ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ እንዲሆን በእጅጉ የረዱት የጦርነት ቁስለኞች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ በኡራል ተራሮች አካባቢ በነበረ ሆስፒታል ራሳቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ይረዱ ነበር። ከነዚህ ቁስለኞች መካከል ዛሴትስኪ የተባለ ወጣት መኮንን ይገኝ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በማርች 1943 በስሞሌንስክ ግንባር በግራ ወገን የኋላው የአንጎሉ ክፍል ላይ ቆሰለ። ከቁስሉ በኋላ በቀኙ ወገን ያለውን ነገር ማየት አልቻለም፤ ፊደላትን ረሳ፤ ቀኝና ግራውን መለየት ተሳነው፤ የሚያውቀው ዕቃ ስም እየጠፋበት ይቸገር ነበር። ፈቃዱ፣ ስሜቱና ስለ ራሱ ሁኔታ ያለው ግንዛቤ ግን አልተነካም።

ዛሴትስኪ መጻፍ እንደ ገና በሚማርበት ጊዜ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ እያስታወሰ ለመሣል ይሞክር ነበር፤ አልሆነለትም። በኋላ ግን ስለ ፊደሎቹ ሳያስብ፣ እጁንም ሳያነሣ፣ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ እንዲጽፍ ተጠየቀ፤ ጻፈም። ጉዳቱ የፊደልን መልክ በዐይነ ልቡና የሚያቀርበውን የአንጎል ክፍል ሲያበላሽ፣ ለብዙ ዓመታት በልማድ የዳበረውን የእጅ እንቅስቃሴ አልነካውም ነበር። ከዚያ በኋላ ዛሴትስኪ በ25 ዓመታት ውስጥ 3,000 ገጽ ያኽል ስለ ሕይወቱ ጻፈ፤ የጻፈውን ራሱ ማንበብ ግን እጅግ ያስቸግረው ነበር። ሉሪያ ከዚህ ጽሑፍ የተወሰዱ ክፍሎችን ከራሳቸው ማብራሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች የሰውየውን ጽናት ያደንቃሉ፤ አድናቆቱም ተገቢ ነው። ለትምህርት ባለሙያ ግን ከጽናቱ ይልቅ የሚጠቅመው የሥራው አካሄድ ነው። መጻፍ አንድ ሥራ ቢመስልም ብዙ የአንጎል ክፍሎች ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ከነሱ አንዱ ቢሰበር ሥራው ይቆማል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ ወደዚያው ሥራ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሊገኝ ይችላል። ያ መንገድ የትኛው እንደ ሆነ በጠቅላላ ደንብ አይታወቅም። አንድን ሰው ቀርቦ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚሳሳትና ምን ሲያደርግ እንደሚሳካለት መዝግቦ ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም ዛሴትስኪ ፈጽሞ አልዳነም። ተሐድሶ ማዳን ነው ተብሎ የተነገረው ቤተ ሰብ ሦስት ወር ጠብቆ ተስፋ ስለሚቆርጥ ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ ማድረግ ይገባል።

ባለ አንድ ምርኩዝ፣ ባለ ሁለት ምርኩዝ

ለላስታ አስተማሪ ከስሞሌንስክ ይልቅ የሚቀርብ ሌላ የነርቭ ጉዳት አለ። ከላስታ በስተ ደቡብ፣ ከዋድላ ባሻገር በሚገኘው በቀድሞው ደላንታ ዳውንት ወረዳ ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በጓያ ምክንያት የሚመጣ ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። ስለዚሁ ጉዳይ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፈዋል፤ ከጽሑፉም አዘጋጆች አንዱ በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠሩት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ውኃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይገኛል። በፍሬው ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ፣ ሰው ለሳምንታት ወይም ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ባደረገ ጊዜ እግርን የሚያንቀሳቅሱ የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቁት ወጣቶች፣ ከነሱም ይልቁን ወንዶች ናቸው። ጀማሪው ምልክት በድንገት የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ የእግር ጡንቻዎች ይገተራሉ፣ ጉልበቶች ይጋጫሉ፣ ተረከዝ መሬት አይነካም። ገበሬው የጓያን ጉዳት ሳያውቅ ቀርቶ የሚበላው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በችጋር ጊዜ ግን ሌላ የሚበላ ባለመኖሩ ይበላዋል። ያም ሆኖ የአበሳሰሉ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። እሸቱን፣ ንፍሮውንና ቆሎውን አብዝቶ መብላት ይበልጥ አደገኛ መሆኑ፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ግን ጉዳቱን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ከመርዙ የተወሰነውን ያስወግዳል።

ጉዳቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሆኖም ጓያ መብላቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይረጋል። የሰውየው አሳብ፣ ንግግር፣ የእጅ ብልኀትና የመዳሰስ ስሜት ደኅና ናቸው። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለዩት በምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ የማያሻው፣ ባለ አንድ ምርኩዝ፣ ባለ ሁለት ምርኩዝ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚድኸው። ይህ አከፋፈል ሊመሰገን ይገባዋል፤ የሚለካው ሰውየው ምን ያኽል እንደሚንቀሳቀስ ነውና ዕቅድ ለማውጣት ያመቻል።

ባለ አንድ ምርኩዝ የሆነ ሰው በትሩን መያዝ የሚገባው ይበልጥ ከደከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። በሜዳ ላይ የበትሩ ራስ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከእጁ አንጓ ትክክል ቢሆን ክርኑ ጥቂት ታጥፎ ይደገፍበታል። በቁልቁለት ግን ረዘም ያለው ይሻላል። በላስታ በትር የማይዝ ሽማግሌ ወይም ካህን ስለማይገኝ ወጣቱ ምርኩዝ በመያዙ አይሸማቀቅም፤ ይህም ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ጥቅም ነው። ለባለ ሁለት ምርኩዝ ጥያቄው ይለወጣል። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋልና ደብተሩን በምን ይያዘው? እንደ ቆሎ ተማሪ አኮፋዳ ከአንገት የሚንጠለጠል ከረጢት ቢሰፋለት ትምህርት ቤት መምጣትና መቅረት በዚያች ከረጢት ሊወሰን ይችላል። በእጁ ለሚድኸው ደግሞ ለጉልበቱና ለመዳፉ የቁርበት መከላከያ፣ በክፍል ውስጥ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ድንጋይ የሌለበት የመጸዳጃ መንገድ ያስፈልገዋል። በሁሉም ደረጃ ላሉት የተገተረውን ጡንቻ ማላላት የዕለት ሥራ ነው፤ ጧትና ማታ አንድ የቤተ ሰብ አባል ተረከዙን ይዞ የእግሩን መዳፍ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይገፋል፤ ግማሽ ደቂቃ ያኽል ይዞ ይቆያል፤ ይለቃል፤ ይደግማል። በኀይል ወይም በድንገት መግፋት ጡንቻውን ይበልጥ ያስገትረዋል።

ስለ ሙያ ምርጫ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። እግሩ ለተጎዳ ሰው ሸማ ሥራ ይስማማዋል ይባላል፤ ሸማኔ ተቀምጦ ይሠራልና። ዳሩ ግን የሸማኔ እግር በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ዕረፍት መርገጫውን ይረግጣል። የልብስ ስፌት መኪናም እንዲሁ በእግር የሚነዳ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማው በእጅ መዘውር የሚዞረው ዓይነት ነው። ላሊበላን ለሚጎበኙ እንግዶች የሚሸጠውን የእንጨት መስቀል መቅረጽ፣ ብራና ላይ መጻፍ፣ የሣር ስፌት፣ ሰዓትና ሬዲዮ መጠገን የእግርን ኀይል አይጠይቁም። ከነዚህ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰውየው ራሱ ነው፤ የሚኖርበት ቀበሌ ከገበያው ምን ያኽል እንደሚርቅም መታሰብ አለበት።

ንግግር የጠፋበት ሰው

እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የሚባለውን ሁሉ እየተረዳ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር የማይችል አንድ በሽተኛ ሞቶ አንጎሉን ሲመረምሩ፣ በግራ ወገን የፊተኛው ክፍል ተጎድቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የንግግር መጥፋት ከእብደትም ከድድብናም የተለየ መሆኑ ታውቋል። በገጠር ግን አሁንም ቃል ያጣን ሰው እንደ አእምሮ ሕመምተኛ መቁጠር አለ። ሰውየው የሚባለውን እየሰማ እርሱ እንደሌለ ተደርጎ በፊቱ ይወራል። ተሐድሶ ሊጀምር የሚገባው ይህን ከማረም ነው።

ንግግራቸው የጠፋባቸው ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ መናገር ተስኗቸው ሳለ መዝፈን ወይም ማዜም ይችላሉ። ይህንን መሠረት አድርገው አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በዜማ የሚሰጥ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አስተዋወቁ። በሽተኛው አጭር ሐረግ በከፍተኛና በዝቅተኛ ሁለት ድምፅ ያዜማል፤ በያንዳንዱ ክፍለ ቃል በግራ እጁ ይመታል፤ ቀስ በቀስ ዜማው ይቀነስና ሐረጉ ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል።

ቅዱስ ያሬድ በሚታወስበት፣ ሕፃን ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ ዜማ በሚሰማበት አገር ይህ ዘዴ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሱት መሪጌታ ንግግራቸው ቢጠፋ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ማድረስ ይችሉ ይሆናል። ቤተ ሰቡም በዚህ ተደስቶ «ድነዋል» ሊል ይችላል። ነገር ግን በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት እንደ ውኃ በራሱ የሚፈስ ነው፤ ውኃ ሲጠማቸው ውኃ ለመለመን አያስችላቸውም። ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለቤታቸው ኑሮ የሚያስፈልጉ አምስት ወይም ስድስት ሐረጎች ተመርጠው፣ «ውኃ ስጪኝ»፣ «አሞኛል»፣ «ልጁን ጥሩልኝ» የሚሉት በሚያውቁት ዓይነት አካሄድ ዜማ ተሰጥቷቸው፣ በግራ እጃቸው መቋሚያውን መሬት እያስነኩ በየቀኑ ይለማመዷቸዋል። ዜማ የማያውቅ ሰው ግን በዚህ መንገድ ይሂድ ማለት አይደለም፤ ለሱ ሥዕል፣ የእጅ ምልክት ወይም ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

ስለሚጥል በሽታ

በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያኽሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው ይተላለፋል የሚለው ፍርሃት ሰውየው በወደቀ ጊዜ እንዳይነካ ስለሚያደርግ፣ በምድጃ ላይ የወደቀ ሰው እስኪነሣ ድረስ ይቃጠላል። እንግዲህ ለዚህ በሽተኛ በልክ የሚዘጋጀው ዕቅድ የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ምድጃው ከፍ ብሎ በጭቃ ይታጠራል፤ ከብት የሚጠብቀው ከገደል ርቆ፣ ከጓደኛ ጋር ሆኖ ነው፤ ውኃ ለመቅዳት ወደ ጅረት ብቻውን አይወርድም። አስተማሪው ልጁን በጎኑ አስተኝቶ፣ በአፉ ምንም ሳይከት፣ እስኪያልፍለት መጠበቅ አለበት፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያሻል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ አለው። ጠበል የሚጠመቅ ቤተ ሰብ ጠበሉን ይተው ማለት አያስፈልግም፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ ማለት ይበቃል። ይህንንም ቃል ከጤና ሠራተኛው ይልቅ የንስሐ አባት ቢናገሩት የበለጠ ይሰማል።

የማይታየው ጉዳት በክፍል ውስጥ

ምርኩዝ ይታያል፤ ንግግር ማጣትም ይሰማል። ለአስተማሪ አስቸጋሪው ምልክት የሌለው የአንጎል ጉዳት ነው። በላስታ ልጆች ከብት የሚጠብቁት በገደል አፋፍ ነው፤ ከበቅሎ መውደቅ፣ የበሬ ርግጫ፣ የድንጋይ ውርወራና የመኪና አደጋም አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላን ጨምሮ ሰሜን ወሎን ያዳረሰው ጦርነት ደግሞ ሰውንም የጤና ተቋማትንም ጎድቷል።

ራሱን የተመታ ልጅ ቁስሉ ሲሽር የዳነ ይመስላል። ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ግን ከረፋዱ በፊት ይደክማል፤ አምና የተማረውን እያስታወሰ ጧት የተነገረውን ይረሳል፤ ጩኸት ራሱን ያመዋል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። አስተማሪው «ሰነፈ» ይላል፤ እናቱ «ጠባዩ ተለወጠብኝ» ትላለች። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ ስሙን ግን ስተውታል። እንዲህ ላለው ልጅ ትምህርቱን በ15 ደቂቃ ከፋፍሎ በመካከሉ ዕረፍት መስጠት፣ አንድ ትእዛዝ ፈጽሞ ሳይጨርስ ሁለተኛ አለማዘዝ፣ የታዘዘውን በራሱ ቃል እንዲደግመው መጠየቅ፣ ከባዱን ትምህርት በጧት ማድረግ፣ ፈተናውን በጽሑፍ ሲያቅተው በቃል መጠየቅ ይገባል። ወዲያው ሙሉ ቀን ከማስተማር ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሦስት እያሉ መጨመር ይሻላል።

ተማሪው በበዛበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በከፊል ከጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ይገኛል። በዚያ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀ ሁ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት ይማራል፤ ያንዱ ትምህርት ከሌላው አይጠበቅም፤ እያንዳንዱ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ከደረሰበት ይቀጥላል፤ ያለፈው ለጀማሪው ያስጠናል። አለንጋው ይቅርና ይህን ሥርዓት ለተጎዳው ልጅ መውሰድ ይቻላል፤ አንድ ጎበዝ ጓደኛ ቢመደብለት አስተማሪው በቀን አሥር ደቂቃ ቢሰጠው ይበቃዋል።

የሕጉ መሠረት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸውን ተማሪዎች ጠቅሷል፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ዕጩ መምህራን ስለ ዐይነ ስውርነትና መስማት ስለ መሳን የሚማሩትን ያኽል ስለ አንጎል ጉዳት፣ ስለሚጥል በሽታና ስለ ጓያ ቢማሩ ግን በወሎ ለሚመደበው አስተማሪ እጅግ ይጠቅመዋል። የነጠላ ዕቅድ አጻጻፍ ደግሞ በንድፈ አሳብ ብቻ የሚቀር መሆን የለበትም፤ ዕጩው በተግባር ትምህርቱ ወቅት ለአንድ ልጅ አንድ ዕቅድ ጽፎ፣ ከወላጁ ጋር ተነጋግሮ፣ ከወር በኋላ አርሞ ማቅረብ ይኖርበታል።

ርቀቱና የርዳታው ሰንሰለት

ላሊበላ 2,500 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ብዙዎቹ የሚገናኙት በእግርና በበቅሎ መንገድ ነው። የአካል ተሐድሶ ማዕከል ያለባት ደሴ በጋሸናና በወልድያ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያኽል ትርቃለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ ተሐድሶ የተባለውን አሠራር ያስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1989ም የማሠልጠኛ መጽሐፍ ያወጣው ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ነው፤ ባለሙያው በየጊዜው ይመረምራል፣ ዕቅዱን ያርማል፣ የዕለቱን ሥራ ግን ቤተ ሰብ፣ አስተማሪና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሠሩታል። ወጌሻም ከዚህ ውጭ ሊደረግ አይገባውም፤ የተገተረ ጡንቻን በኀይል እንዳያሽ ተነግሮት የዕለቱን ማላላት ቢማር እጁ ለሥራው የተለመደ ነው።

በሰንሰለቱ ውስጥ በቶሎ የሚበጠሰው መዝገቡ ነው። አስተማሪ ይዛወራል፤ በምትኩ የመጣው ልጁን ከእንደ ገና ያጠናዋል፤ ወይም አያጠናውም። በሕፃንነት የደረሰ የአንጎል ጉዳት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ትምህርቱ ሲከብድ፣ ልጁ ወደ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልጁ በአንደኛ ክፍል ሳለ ከገደል መውደቁን የሚያስታውስ አስተማሪ በትምህርት ቤቱ ላይኖር ይችላል። ስለሆነም ዕቅዱ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው በቤተ ሰቡ እጅ ይሁን። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና አኳኋኑ፣ ልጁ ያለ ርዳታ የሚሠራው፣ በርዳታ የሚሠራው፣ የተሞከረውና ያልሠራው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚቀጥለው ምርመራ ቀን ይጻፍበት። «የተሞከረውና ያልሠራው» የሚለው መስመር ብዙ ጊዜ ባዶ ይተዋል፤ ለሚቀጥለው አስተማሪ ግን ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወላጆቹ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ወረቀቱ ሲሰጣቸው ይነበብላቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ልጁን ለማስመዝገብ ሲመጡም ይዘውት እንዲመጡ ይነገራቸው።